ረጅሙ ጋውን

«ያን ሁሉ ጋውን ባለፈው ዓመት የልጅ ልብስ ያደረገችው እኮ እሷ ናት» አለች ሮማን ዳቦ እየቆረጠች። እፀገነት እርጥብ የጥምቀት ጋውኖች የሞሉበትን ቅርጫት ታቅፋ የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት በር ላይ ደርሳ ነበር። ሮማን ጀርባዋን ሰጥታ ስለቆመች አላየቻትም። ሰናይት ግን አየቻት። ሰናይት የእፀገነት ባል ታላቅ እህት ናት፤ የሻይ ፔርሙሱን ክዳን ስታጠብቅ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ከዚያ የጠበቀውን ክዳን እንደገና ማጥበቅ ጀመረች። ሮማን ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ የተናገረችው ምእመኑ ሁሉ ሲያወራው የከረመውን ነው። እፀገነትም እንዳልሰማ ሰው ቅርጫቷን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አለፈች። ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ቆም ትል ነበር፤ ዛሬ ግን ከማንም ጋር የምትነታረክበት ቀን አልነበረም።

ዛሬ ጀማነህ ይጠመቃል። ይህን ከረቡዕ ጀምራ በሆዷ ስትደጋግመው ሰንብታለች፤ ጮክ ብላ ብትናገረው የሚበንንባት እየመሰላት ግን ለማንም አላወራችም። ባሏ ጀማነህ ረጋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሰው መሀል መቆም ግን የማይወድ ሰው ነው። ሥራው ታማሚዎችን በቫን ወደ ኩላሊት እጥበት (ዳያሊስስ) ማድረስና ጨርሰው እስኪወጡ መጠበቅ ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ያንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል፦ ሚስቱንና ልጁን ሲናን ከኮሎምበስ ዳር ከፒከሪንግተን ያመጣል፣ በሩ ላይ ያወርዳል፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ግባ ሲሉት «እዚሁ ደህና ነኝ» ይላል። ስለ ጥምቀት ከተነሳ «በአርባ ቀኔ ተጠምቄያለሁ፣ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠመቀው?» ብሎ ይስቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ፓስተር ሲቀይር እሱም ሁለት መኪና ቀይሯል፤ የሚያቆምበትን ቦታ ግን አልቀየረም። እፀገነት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር፤ በኋላ ሰው እየበዛ ወንበር ሲጠፋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ማድረግ ጀመረች። ታዲያ ረቡዕ ማታ እራት ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ለፓስተር ኤልናታን ደውዬለት ነበር፤ ቅዳሜ ከሚጠመቁት ጋር አድርጎኛል» አላት። ለካ የጥምቀት ትምህርቱንም በስልክ ሲማር ከርሟል፣ ታማሚዎቹን እየጠበቀ። እፀገነት ውሃ ቀዳችለት። ምን ነካህ፣ ማን መከረህ፣ አላለችውም።

ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ልብሱ ደረቀ አልደረቀ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የእኛን ጥምቀት አላየም ማለት ነው። ተጠማቂው ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጋውኑን ለብሶ መድረክ ላይ ይቆማል፣ ይመሰክራል። ምስክርነት ደግሞ በአጭሩ ይሁን ስለተባለ በአጭሩ አያልቅም፤ አንዱ ከተወለደበት ቀበሌ ይጀምራል፣ ሌላዋ ሁለተኛው ቃል ላይ ታለቅስና ሶፍት እስኪመጣላት ይጠበቃል። አዳራሹን የተከራየነው ከአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቤክስሊ ብዙም የማይርቅ፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ነው፤ በሚያዝያ ዝናብ ማሞቂያው አያዳርሰውም። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ቪዲዮው የመዝጊያው ጸሎት ሳይጀመር አዲስ አበባ ገብቷል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ሰው ፊት መቆም ለማንም አይሆንም፤ ሰው ፊት መቆም ለሚፈራማ ጭራሽ። ጀማነህ ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ብቻ አጭር ልብስ አልብሳችሁ ጉልበቴን ለኮሎምበስ ሕዝብ እንዳታሳዩ» ብሎ ነበር። በቀልድ ነው ያለው። እፀገነት ግን የባሏ ቀልድ የት ጋ እንደሚያበቃ ታውቃለች፤ አጭር ጋውን ካየ ኮቱን አንስቶ፣ ማንንም ሳያስቀይም፣ «ለሌላ ጊዜ ይሁን» ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ጀማነህ በር ሲገባ አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ ረጅም ሰው ነው። ጋውኖቹ አዲስ አበባ ተሰፍተው በመንገደኛ ሻንጣ የመጡ ወፍራም የጥጥ ጋውኖች ናቸው፤ ሲመጡ ረጅሙንም አጭሩንም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሸፍኑ ነበር። ባለፈው ዓመት ከጥምቀቱ በኋላ ታጥበው ከማድረቂያው ሲወጡ ግን ሁሉም ተኮማትረው ጉልበት ላይ ቀሩ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወጣቶች አገልጋይ የሆነው ቢሩክ መኪናው ትራንክ ውስጥ ረስቶት ስለነበረ ነው። ያን ቀን እፀገነት ጋውኖቹን ማድረቂያው ውስጥ ከትታ፣ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጋ ለሥራ ቀድማ ሄደች። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሺፍት አርፍዶ መግባት የለም። ምድር ቤቱ ውስጥ የቀረችው ሰናይት ነበረች። በማግስቱ ጋውኖቹ ሲታዩ ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ልብሱ ድሮም የእፀገነት አገልግሎት ስለሆነ ጥፋቱም የእፀገነት ሆነ። እፀገነት፣ ሰናይት አንድ ቀን እውነቱን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ፋሲካ አለፈ፣ ታንክስጊቪንግ አለፈ። በየበዓሉ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ እንቁላል መወደድ፣ ሰናይት በምትኖርበት በዎርዝንግተን ስለሚሸጡት ቤቶች አወሩ። ይሳሳማሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» ይባባላሉ። ልብስ የሚባል ነገር ግን አንስተው አያውቁም፤ ሁለቱም እንደ ሞቀ ድስት ይሸሹት ነበር።

እፀገነት ያንን የተረፈ ጋውን ትናንት በእጇ ተኩሳ፣ ከሌሎቹ ለይታ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ማዕዘን ላይ ሰቅላው ነበር። ጠዋት የወጣቶቹ ጥምቀት ነበረ፤ የእነ ጀማነህ ከሰዓት ነው። እሷ ፎጣ ስታድል ቆይታ ስትመለስ መስቀያው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ቢሩክም እንደ ጀማነህ ረጅም ነው፤ ወጣቶቹን ሊያጠምቅ ገንዳው ውስጥ የሚቆመው እሱ ስለሆነ የሚደርስለትን ጋውን ፈልጎ አገኘ፣ ለበሰው። ከገንዳው ሲወጣ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ አገኘችው። «እትዬ እፀጌ፣ ሶሪ፣ ሪሊ አላወቅኩም። ሌላው ሁሉ እዚህ ነው የቀረብኝ» አለ ጉልበቱን እያሳየ። «ና አውልቀው» ብቻ አለችው። እንግዲህ ወጥ ቤቱ በር ላይ ታቅፋው የቆመችው ቅርጫት ውስጥ፣ ከላይ ተደርቦ ውሃ የሚያንጠባጥበው፣ እሱ ነበር።

ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ክፍል ነው። አንድ ወገን አሜሪካኖቹ የገና ጌጣቸውን ያከማቹባቸው ካርቶኖች፣ ሌላው ወገን ታጣፊ ወንበሮች፤ ጥጉ ላይ ማጠቢያውና ማድረቂያው። እፀገነት ረጅሙን ጋውን ብቻውን ማጠቢያው ውስጥ ከትታ መጭመቂያው (ስፒን) ላይ አዞረችው፤ ቆሞ ሲያበቃ አውጥታ እንደገና አዞረችው። በመጭመቅ የሚወጣ ውሃ በሙቀት መውጣት የለበትም፤ ይህን ማንም ልብስ የሚያጥብ ሰው ያውቀዋል። የማድረቂያውን ማጣሪያ ሳብ አድርጋ የተጋገረውን ብናኝ በጣቷ ጠረገች። ሌሎቹን ጋውኖች ቅርጫቱ ውስጥ ተወቻቸው፤ የከሰዓቱ ሰዎች አጫጭርና መካከለኛ ስለሆኑ ጠዋት ያልተለበሱት ይበቋቸዋል። ረጅሙን ከሁለት ደረቅ ፎጣዎች ጋር ብቻ ከተተችው፣ ፎጣዎቹ እርጥበቱን እንዲካፈሉት። ከዚያ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አደረገች። ከፍተኛው ላይ ቢሆን በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ግን ጥጥ የሚደርቀው በሚያልፍበት አየር ነው፤ ግለቱ ሲበዛበት ከመድረቁ በፊት ይኮማተራል። ለፓስተር ኤልናታንም ነግራዋለች፤ ጀማነህን የመጨረሻ አድርጎላታል። ስሌቱ ጥሩ ነበር። የቀረው ጀማነህ እስከዚያ ሳይሰለች መጠበቁ ነው።

ማሽኑ እየዞረ፣ ከላይ በጣሪያው በኩል ዝማሬና ጭብጨባ እየተሰማ፣ እፀገነት አንድ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። የሮማን ነገር አልፎ አልፎ ብቅ ይልባታል፤ ቢሆንም የማድረቂያው ሙቀት ጉልበቷን ሲነካት ደስ አላት። የመጀመሪያዋ ተጠማቂ እልልታ ተሰማ። ቀጥሎ የሁለተኛው። ዛሬ ሰው ምስክርነቱን አሳጠረው እንዴ ብላ ማሰብ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ፤ ሲና ነበረች።

«ማም፣ ዳድ ኢዝ ኖት ሂር።»

«ምን ማለት ነው? መታጠቢያ ቤት እይ።»

«አይ ቼክድ ኤቭሪዌር። ሂስ ጎን፣ ማም።»

አባቷ የለም፤ ያልፈለገችበት ቦታ የለም። እፀገነት ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው። ሄደ ማለት ነው። እዚህ ሙቀት ቀንሳ፣ ጊዜ አብዝታ፣ ሰውየው የሚሸሽበትን ቀዳዳ ራሷ ከፈተችለት። የማድረቂያውን በር ከፍታ ጋውኑን ዳበሰችው፤ ታችኛው ጠርዝ ደርቋል፣ እጅጌው ረጥቧል፣ አንገቱና ስፌቶቹ ገና ውሃ ናቸው። ቢደርቅላት ይዛው ትሮጣለች፣ ፓርኪንጉ ላይ ትደርስበታለች፣ ቢያንስ ልብሱ ዝግጁ ነው ትለዋለች። በሩን ዘጋችና የሙቀቱን መዘውር እስከ መጨረሻው፣ ከፍተኛው ላይ አዞረችው። አላሰበችበትም፤ እጇ ነው ያደረገው። ማሽኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጉረምረም ጀመረ።

ሰናይት ደረጃውን ወርዳ የመጣችው ያኔ ነው። ማሽኑን አየች፣ እፀገነትን አየች።

«ሃይ ላይ አደረግሽው?»

«ሄዷል፣ እትዬ። ጀማነህ ሄዷል።»

ሰናይት በአጠገቧ አልፋ መዘውሩን ወደ ነበረበት መለሰችው፤ እጇንም አላነሳችም፣ እፀገነት እንዳትደርስበት የፈራች ይመስል።

«አልሄደም። መኪናው ውስጥ ነው» አለች።

«ያው ሄደ ማለት አይደል?»

«በባዶ እግሩ ነው፣ አንቺ። ጫማና ካልሲውን መቀየሪያው ክፍል አስቀምጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በዚያ ዝናብ በባዶ እግሩ ነው የወጣው። እኔም እንዳንቺ ደንግጬ ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁበት። ሞተር አላስነሳም። ‘ተራዬ ሲደርስ ጥሩኝ፣ እኔ መጠበቅ የምችለው እዚህ ነው’ አለኝ። ምን ልበለው? በሩን ዘግቼለት መጣሁ።»

እፀገነት የገና ጌጥ የተጻፈበት ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ የት እንዳለ ጠፍቷት ነው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በእርጥብ ፎጣ ጠረገች። ባዶ እግሩን ዝናብ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ ቤቱ ሊነዳ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ያ መኪና መሸሻው ይመስላት ነበር። ለካ መጠበቂያው ነው፤ እንኳን የሌሎችን ተራ የራሱንም ተራ የሚጠብቀው እዚያው ነው። ይህ የገባው እህቱን ነው፣ እሷን አይደለም፤ ትንሽ ቀናች፣ ከዚያ ቅናቱን ተወችው።

ሰናይት ጀርባዋን እንደሰጠች፣ እጇ መዘውሩ ላይ እንዳለ፣ «ያኔም እንዲህ ነው የሆነው» አለች። «የሚያደርሰኝ ልጅ ከውጭ ጡሩምባ ሲነፋብኝ ቸኮልኩ። ሙቀቱን ከፍ ያደረግኩት ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ብዬ ነበር። ሳወጣቸው እንደዚያ ሆነዋል።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እንደምታውቂማ አውቃለሁ። እሱ ነው አላናግር ያለኝ። ብትቆጪኝ ይቀለኝ ነበር።»

እፀገነት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች፣ ከሥራ ስትመለስ ሀይዌይ ላይ፣ ቃል በቃል ያስተካከለችው። አሁን ግን ንግግሩን ተወችው። እጇን አየችው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ያው እጅ ያንኑ መዘውር ያንኑ ቦታ አድርሶት ነበር፤ ሰናይት ባትወርድ ኖሮ ሮማን የምታወራው እውነት ይሆን ነበር። ቂሟ መቼ እንደቀለለ ሳታውቀው ቀለለ።

«ለሮማንም ነገርኳት» አለች ሰናይት። «አንቺ ከበሩ እንዳለፍሽ። ዳቦውን ትታ ቢላዋውን እንደያዘች አየችኝ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ግን ግድ የለሽም፣ እስከ ነገ ለሰው ሁሉ ታዳርስልኛለች፤ እኔ አንድ በአንድ ከማስረዳት ተገላገልኩ።»

አብረው ሳቁ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጋውኑን አውጥተው ግራና ቀኝ ይዘው አራገፉት፤ ግለቱ ብዙም አልቆየበትምና ርዝመቱ እንዳለ ነው። ሰናይት ትከሻው ላይ ይዛ ቆመች፣ እፀገነት ጠርዙን እስከ ወለሉ ዘርግታ አየች። ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ገለበጡት፣ ፎጣዎቹን በሌላ ደረቅ ቀየሩ፣ መልሰው ከተቱት፤ ዝቅተኛው ላይ። ጎን ለጎን ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ሰናይት ጉልበቷ በብርድ እንደሚያስቸግራት አወራች፣ እፀገነት ሲና ኮሌጅ የምታጠናውን ሜጀር ልትቀይር እንዳሰበች አወራች። ከላይ አንዱ ምስክርነቱን ከአያቱ ጀምሮት ነበር፤ ሁለቱም ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «ተባረክ» አሉ።

ጋውኑ ሲወጣ እንደ ዳቦ ሞቅ ያለና ልስልስ ነበር። ሰናይት ይዛው ወደ መኪናው ሄደች። ጀማነህ ስሙ ሲጠራ ከጎን በር ወጥቶ መድረኩ ላይ ቆመ፤ ጋውኑ ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኖታል፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ባዶ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ሲና ከፊት ሆና ስልኳን ወደ እሱ አነሳች። ማይኩን እንደ ትኩስ ብርጭቆ ራቅ አድርጎ ያዘው። «ጀማነህ እባላለሁ» አለ። «ብዙዎቻችሁ ከፓርኪንግ ታውቁኛላችሁ።» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እሱም ትንሽ ሳቀ፣ ትከሻውም ወረድ አለ። «መናገር አይሆንልኝም። አምኛለሁ። የቀረውን ፓስተሩ ያውቀዋል።» ማይኩን መለሰ። የዕለቱ አጭሩ ምስክርነት ይሄ ነበር፤ ለእፀገነት ግን ከዚህ በላይ ቢናገር የምትችለው አይመስላትም ነበር።

ፓስተር ኤልናታን አጭር ሰው ስለሆነ ቢሩክም ገንዳው ውስጥ ገባ፤ ለሁለት ያዙት። ጭንቅላቱ ሲጠልቅ እግሩ ከወዲያ ብቅ አለ፣ እግሩን ሲሉ ትከሻው ቀረ፣ በመጨረሻ ሁሉም ነገሩ ውሃ ውስጥ ገባ። እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። እፀገነት ከመድረኩ ኋላ፣ ከገንዳው የሚወጣበት ደረጃ ጫፍ ላይ፣ ፎጣ ዘርግታ ቆማ ነበር። ከዚያ ሆና የሚታያት የደረጃው የብረት መያዣና የሚናወጠው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱ እስኪወጣ እዚያው ቆመች።

በመጀመሪያ እጁ መያዣው ላይ መጣ። ከዚያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ያ ረጅም ቁመቱ ሁሉ፣ ጋውኑ ተጣብቆበት፣ ውሃው ከጺሙ እየወረደ። ደረጃውን ወጥቶ ፎጣው ውስጥ ገባላት። ዓይኑን እያሸ አያት፤ ለምን እንደዚያ እንደምታየው የገባው አልመሰለም፣ ወይም በጣም ገብቶታል።

«ብዙ አስጠበቅኩሽ፣ አይደል?» አላት።

እፀገነት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጠበቅ አደረገችለት።

«አልቆየህም» አለችው።